በተተከለ ፀጉር ፎገራን ማቋረጥ

ከወረታ ተነሥቼ አዲስ አበባ ደርሼ የተመለስኩት በዐሥር ቀን ነው። ሌላ ሰው በዐሥር ቀን ገዳም ተሳልሞ ይመለሳል፤ እኔ ፀጉር አስተክዬ መጣሁ። ይህን የምጽፈው በመምህራን ክበብም በሻይ ቤትም «ለመሆኑ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» እያሉ ለሚጠይቁኝ ሁሉ አንድ ጊዜ ተናግሬ ለመገላገል ነው። አብዛኞቹ ጠያቂዎቼ ጎፈሬያቸው ሙሉ ስለሆነ እዚያ ወንበር ላይ መቼም አይተኙም። ደግሞ በመንገዱ ላይ የሠራሁት አንድ ጥፋት አለ። እሱን ትቼ ስለ ፀጉሩ ብቻ ባወራ ዋሽቻለሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ ብቻዋን አሳድጋኝ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሞተች። ወረታ ባዮሎጂ ሳስተምር አራተኛ ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ሁለት ቢሆንም ፀጉሬ ከግንባሬ እስከ አናቴ ድረስ ጥሎኝ ከሄደ ቆይቷል። ተማሪዎቼ «መላጣው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እሱ አይከፋኝም ነበር። የከፋኝ የይፋጉ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ትርንጎ ከምትባል የይፋግ ልጅ ጋር ልንጋባ ተስማምተን፣ በሰኔ ወር ሁለት መምህራን ባልደረቦቼን ሽማግሌ አድርጌ ወደ አባቷ ላክሁ። አባቷ በወግ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያለ ነው፤ ዘመዱንም አናውቅም። እስከ ጥር እናስብበት» ብለው መለሷቸው። ለካ አንድ ቀን ገበያ ላይ አይተውኝ ኖሯል።

ትርንጎ «አባቴን ለኔ ተወው፤ ፀጉር አምጣ ያለህ አለ?» ብትለኝም፣ በጆሮዬ የቀረው «ገፋ ያለ» የሚለው ብቻ ነበር። ከሐምሌ እስከ ጥር ስድስት ወር አለ። በስድስት ወር ውስጥ ፀጉር አብቅዬ ይፋግ መታየት አለብኝ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰኝም።

የመጀመሪያው ቀን እሑድ ነበር። ለባልደረቦቼ «ጥርሴን ልታከም ነው» ብዬ ከወረታ በሚኒባስ ወጣሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ የፎገራ ሜዳ በሙሉ ውሃ ለብሷል። በጋ ላይ ከብት የሚሰማራበት መስክ በሐምሌ ሐይቅ ልሁን አልሁን እያለ ያመነታል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ጭናቸው ላይ ሁለት ዶሮ ይዘው ነበርና አንዷ እስከ ባሕር ዳር እጅጌዬን ስትነክስ መጣች። ባሕር ዳር አድሬ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በትልቁ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ማርቆስ ምሳ በላን፤ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ስንወጣ ተከፈተ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ፀጉር ጥቅጥቅ ያለ ስለነበረ መንገዱን ከማየት ይልቅ እሱን ሳይ ዋልኩ። አዲስ አበባ የገባሁት ሲመሻሽ ነው። የተወለድኩባት ከተማ ናት፣ ግን ሻንጣዬን የማሳርፍበት የዘመድ ቤት ስለሌለ ክሊኒኩ አጠገብ ፔንሲዮን ያዝኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ገባሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የራሱ ፀጉር እንደ ማስታወቂያ ቆሟል። መስታወት ፊት አስቀምጦ በእስክሪብቶ ግንባሬ ላይ መስመር እያሰመረ ነገሩን አስረዳኝ። እኔም አስተማሪ ነኝና እንደ ተማሪ አዳመጥኩት።

«አዲስ ፀጉር መፍጠር አንችልም» አለኝ። «ያለህን ማዛወር ነው። ከፊትና ከአናት ያለው ፀጉር በዘር የሚረግፍ ዓይነት ነው። ከማጅራትህና ከጆሮህ በላይ ያለው ግን አይረግፍም፤ ሽማግሌ ስትሆንም እዚያው ነው። ያንን ከነሥሩ አውጥተን ከፊት ብንተክለው የመጣበትን ጠባይ ይዞ ይቆያል።»

አያቶቼን አላውቃቸውም፤ መላጣነታቸውን ግን ወርሻለሁ ማለት ነው። በየዓመቱ ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር ይህን ምሳሌ አንድም ቀን አለማንሣቴ ሳላውቀው ሲያሳፍረኝ ኖሮ ይሆናል።

ራሴን ሙልጭ አድርገው ላጩኝ። ከዚያ በደረቴ አስተኝተው የሚያደነዝዝ መርፌ ማጅራቴን ወጉኝ። ከሥራው ሁሉ የሚያመው እሱ ብቻ ነው፤ ደግሞ አንድ አይደለም፣ እየዞረ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ራሴ የሌላ ሰው ሆነ። ሐኪሙ ጫፉ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ፣ በጣም ቀጭን መቁረጫ ይዞ እያንዳንዱን የፀጉር ሥር ዙሪያውን ይፈለቅቃል፤ አንዷ ነርስ በወረንጦ ታወጣዋለች። እሾህ የምናወጣበት ዓይነት ወረንጦ ነው፣ ብቻ ያማረ። የወጣው ነገር አንዳንዱ አንድ ፀጉር፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት በአንድ ሥር የያዘ ነው። እንዳይደርቅ በረዶ ላይ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ነርሷ በየመቶው ስትደርስ ቁጥር ትጠራለች፤ ሌላዋ ትጽፋለች። እኔ በደረቴ ተኝቼ የወለሉን ሴራሚክ እቆጥራለሁ።

እኩለ ቀን ላይ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሳንድዊች በላሁ። ራሴ ከኋላ በፋሻ ታስሯል፣ ከፊት ባዶ ነው። ከዚያ በጀርባዬ አስተኙኝና ሐኪሙ ከፊት ጥቃቅን ቀዳዳ ይከፍት ጀመር። ይህ ነው ዋናው ጥበብ አለኝ፤ ቀዳዳው ትክክለኛ አቅጣጫ ካልያዘ ፀጉሩ ሲያድግ ወደ ሰማይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ነርሶች ግራና ቀኝ ሆነው አንድ በአንድ መሰካት ያዙ። ሲሰኩ ስለ አንዷ እህት ሠርግ ያወራሉ። የሙሽራዋ ቬሎ ጠቧት ኖሮ እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ ስናሰፋ ስናጠብ ዋልን። ስንጨርስ ዐሥራ አንድ ሰዓት አልፏል።

ስወጣ ሐኪሙ በወረቀት የተጻፈ ትእዛዝ ሰጠኝ። ለዐሥር ቀን ማንም አይንካው፤ ሥሩ ገና አልያዘም። ቀና ብለህ ተቀምጠህ ተኛ። ፀሐይ አይምታህ፣ አያልብህ፣ ከምንም ጋር አታጋጨው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሕፃናት ሻምፑ ሳታሽ እጠበው። ከታች በትልቁ የተጻፈው ይህ ነበር፦ የተተከለው ፀጉር ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይረግፋል፣ አትደንግጥ፤ ሥሩ ከውስጥ ይቀራል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ደግሞ ይወጣል። ይህን ወረቀት በቃሌ እስክይዘው ድረስ አነበብኩት። ማንበብና ማመን ግን ሁለት ነገር ናቸው።

የፔንሲዮኑ ዘበኛ ራሴን ሲያይ ክው አለ። ቁጭ ብዬ ልተኛ እንደሆነ ስነግረው ምንም ሳይጠይቅ ከባዶ ክፍሎች አራት ትራስ ሰብስቦ አመጣልኝ። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ እንደዚያው በትራስ ተከብቤ አሳለፍኩ። ሐሙስ ግንባሬ አብጦ ዓይኔን ሊደፍን ደረሰ፤ ወረቀቱ ላይ ስላለ ዝም አልኩ። ሐኪሙ ሰባት ቀን ብትቆይ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን የመምህራን የክረምት ሥልጠና በሚቀጥለው ማክሰኞ ይጀመራል፣ ስም ይጠራል፣ የቀረ ደግሞ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። በዚያ ክረምት ከሥልጠና መቅረት ከፈተና ከመቅረት ይከብድ ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ተነሣሁ።

የመልሱን መንገድ ባልተርከው ደስ ይለኝ ነበር። አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ራሴን እንደ እንቁላል በሁለት እጄ መሐል አድርጌ ሳልነካው እጠብቀዋለሁ። ኮፍያ ማድረግ ስላልፈለግሁ የሴት ጃንጥላ ገዝቻለሁ፤ ቀይ ነው፣ ሌላ አልነበራቸውም። ባሕር ዳር ስደርስ አንድ ባለጋሪ «እሜቴ፣ ወዴት ልውሰድዎት?» አለኝ።

እሑድ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ጉማራ ድልድይን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሚኒባሱ ቆመ። ውሃው ከሜዳው ተነሥቶ አስፋልቱን ቆርጦታል። ሾፌሩ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ተመለሰና «ነገም የሚጎድል አይመስለኝም» አለ። ከፊሎቹ ተሳፋሪዎች ወደ ባሕር ዳር ሊመለሱ ተስማሙ፤ እኔ ግን ወረታን በዓይኔ እያየሁ መመለስ አልሆነልኝም። ጃንጥላዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆምኩ።

በትከሻቸው የሩዝ ችግኝ እሥር የተሸከሙ፣ እግራቸው እስከ ጭናቸው ጭቃ የሆነ ጠና ያሉ ሰው መጡ። አያ ሙጨ ይባላሉ፤ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው።

«ምን ታደርግ ቁመሃል፣ ወንድምዓለም? ይኸ ውሃ ዛሬ አያሳልፍም። ና ኸቤት ግባ። የሰው አገር ሰው ነህ፣ መንገድ ላይ አታድርም» አሉኝ።

«አላስቸግርዎትም…»

«ኧረ ወዲያ! ቤት ለእንግዳ ካልሆነ ለምን ይሠራል?»

በቀጭኑ የጭቃ ድንበር ላይ ክርኔን ይዘው ወሰዱኝ። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔ ጃንጥላውን፣ እሳቸው እኔን ያዙ። ቤታቸው ከሜዳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ዙሪያውን ውሃ ከቦታል። የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ስለነበረ ራሴ እንዳይነካው እስከ ጉልበቴ አጎንብሼ፣ ልሳብ ምንም ሳይቀረኝ ገባሁ። ባለቤታቸው እማማ አትጠገብ ከውስጥ ሲያዩኝ፣ «አበስኩ ገበርኩ! ምን ያለ አክባሪ ልጅ ነው፤ ተነሥ ልጀ፣ እንዲህ አይሰገድልኝም» አሉ። አላረምኳቸውም።

እግሬን በሙቅ ውሃ አጠቡኝ። የሩዝና የጤፍ ቅይጥ እንጀራ በድልህ፣ ከዚያ እርጎ በትልቅ ዋንጫ አቀረቡ። አዲስ አበባ ለአራት ቀን የበላሁት ሁሉ ከዚያ እርጎ ጋር አይወዳደርም። እማማ አትጠገብ ግን ዓይናቸው ከራሴ ላይ አልተነሣም። ራሴ ተላጭቷል፣ ከፊት ደግሞ ጥቃቅን ቅርፊት ሞልቶታል።

«ማን ሙቶብህ ነው ልጀ፣ እንዲህ የተላጨኸው?» አሉኝ በቀስታ።

በዚህ አገር ወንድ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የሚላጨው ሲያዝን ነው። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ውሃ መሐል ቁመው ለሚውሉ ሰዎች «ፀጉር ላስተክል ሄጄ ነው» ማለት አፌ ላይ ከበደኝ።

«ማንም አልሞተብኝም እማማ። ወድቄ ተፈንክቼ ነው» አልኩ።

«ውይ፣ እኔን!» አሉ።

መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈውልኝ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሰኞም ውሃው አልጎደለም። አያ ሙጨ ጠዋት ችግኝ ሊተክሉ ሲሄዱ እኔ ቤት ዋልኩ። እማማ አትጠገብ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። የሽ የምትባለው የመጨረሻዋ ልጃቸው ማዶ ካለው መንደር አግብታ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ነው፤ ለአራስነቷ የሚሆን ቅቤ በቅል ሞልተው አስቀምጠውላታል። ስንት ሌሊት በወጉ ሳልተኛ ስለቆየሁ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝ።

የነቃሁት ለብ ያለ ነገር በግንባሬ ሲወርድ ነው። አፍንጫዬን ሽታው ሞላው። ቅቤ ነው። የእማማ አትጠገብ መዳፍ በአናቴ ላይ እየዞረ፣ እያሸ፣ እየጫነ ነበር።

«እጅዎ ይቆረጥ! ምን አደረጉኝ!» ብዬ ዘለልኩ።

ይህን ቃል ነው የተናገርኩት። ሌላ ቃል ነበር ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል፤ ግን ይኸው ነው። በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ፣ እግሬን ያጠቡኝ ሴት ናቸው። ስድስተኛው ቀን ነበር፤ ወረቀቱ ያለው ዐሥር ነው። ሐኪሙ በወረንጦ አንድ አንድ ያስገባው ሁሉ በመዳፋቸው የተጠረገ መሰለኝ፤ ይፋግም፣ ትርንጎም፣ ጥርም አብረው የሄዱ መሰለኝ። ወደ ደጅ ወጥቼ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምኩ። ቅቤው በአንገቴ ይወርዳል። ልጥረገው እንዳልል መንካት ክልክል ነው፤ እንዳልተወው ደግሞ ጥሬ ቅቤ ቁስል ላይ ነው። ከዚህ በላይ የተቸገረ መላጣ ያለ አይመስለኝም።

አያ ሙጨ ከማሳ ሲመለሱ እንደዚያው ቆሜ አገኙኝ። ከዚያ ወዲያ የምደብቀው አልነበረኝም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ዓይናቸው ፈገግ አለ።

«እንግዲያ ኸማጅራትህ ነቅለው ኸአናትህ ተከሉት በለኛ!»

«አዎ፣ አያ ሙጨ።»

«አንድ አንዱን?»

«አንዳንዱን ሁለት ሦስት አድርገው በአንድ ጉድጓድ።»

«እኛስ ሰሞኑን ምን ታደርጉ ዋላችሁ ብትለኝ? ይኸንኑ! በችግኝ መደብ የበቀለውን ሩዝ ነቅለን ኸውሃው እንተክል የለ? እኛም አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ነው የምንሰካ።» እሥሩን ወደ መሬት ጥለው አንድ ችግኝ መዘዙ። «ስማኝ። ይኸ ሲተከል በሦስት በአራት ቀኑ ይገረጣል። ቅጠሉ ይደርቃል። ያላወቀ ሰው ሞተ ብሎ ያለቅሳል። ሥሩ ይዞ እንደሁ ግን ኸውስጥ ሌላ ያወጣል። ቅጠሉን አትይበት፣ ሥሩን ጠብቀው።»

ሐኪሙ በወረቀት የጻፈልኝን አያ ሙጨ በጭቃ እጃቸው ነገሩኝ። ከቦርሳዬ የሕፃናት ሻምፑውን አውጥቼ፣ እሳቸው ለብ ያለ ውሃ በጣሳ ቀስ እያሉ እያፈሰሱልኝ፣ አረፋውን እያሳረፍኩ እንደምንም አለቀለቅሁት። ከቅርፊቱ ጥቂቱ አብሮ ወረደ። ፀጉር ይሁን አይሁን ለማየት አልደፈርኩም።

ቤት ስገባ እማማ አትጠገብ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን በነጠላቸው ውስጥ ሸሽገዋል።

«አላወቅሁም ልጀ። ቁስል መስሎኝ ነው። እናትህ አጠገብህ ብትሆን ትቀባህ ነበር ብየ» አሉ።

ቅል ውስጥ የነበረው ቅቤ ለየሽ የተቀመጠው እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ግድ የለም» አልኩ። «ይቅር ይበሉኝ» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አፌ «ግድ የለም» አለ። አስተማሪ መሆን ጥፋትን ማመን አያስተምርም።

ማክሰኞ ውሃው ጎደለ። እማማ አትጠገብ ስንቅ ቋጥረው ደጅ ላይ አስቀመጡልኝ፣ በእጃቸው ግን አላቀበሉኝም። አያ ሙጨን ብቻ አመስግኜ ወጣሁ። ወረታ ደርሼ በቀጥታ ሥልጠናው አዳራሽ ስገባ ስሜ ገና አልተጠራም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር ራሴን አይቶ «ጥርስህን በዚህ በኩል ነው እንዴ ያከሙህ?» አለኝ።

ለሐኪሙ ስደውል ሳቀ። ቅቤው ቅርፊቱን ያለሰልሳል፤ የሚያሰጋው ማሸቱና ንጽሕናው ነው፣ ካልመገለ ደህና ነህ አለኝ። አልመገለም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ትራሴ ላይ ጥቃቅን ፀጉር ማግኘት ጀመርኩ፤ በአራተኛው ሁሉም ረገፈ። ወረቀቱ ይረግፋል ብሏል፤ አያ ሙጨም ብለዋል። እኔ ግን መስታወት ፊት ቁሜ «ቅቤው ነው» አልኩ። በነሐሴ መጨረሻ አያ ሙጨን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ራሴን አይተው ምንም አላሉም፤ እኔም ምንም አላልኩም። ዝም ማለቴ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

ኅዳር ሲገባ አንድ ጠዋት ራሴን ስዳስስ እጄን የሚኮሰኩስ ነገር አገኘሁ። ትርንጎ በጤና ጣቢያ ባትሪ አብርታ አየችው። «ወጥቷል» አለችና ሳቀች። «እንደ አዲስ ሣር ነው፤ ግን ወጥቷል።» በዚያው ሳምንት አያ ሙጨ አዲስ ሩዝ ይዘው ለገበያ መጡ። ሮጬ ኮፍያዬን አውልቄ አሳየኋቸው። ደስ አላቸው፤ ግን ፊታቸው ወዲያው ከበደ።

«ይኸንን አትጠገብ ባየችው» አሉ። «በነሐሴ ሜዳ ሁኖ አየሁት ብየ ነግሬያት ነበር። ኸዚያ ወዲህ ቅቤ በእጇ አትነካም። የሽ ጥቅምት ላይ ወለደች፤ የአራሷን ራስ አልቀባም አለች። 'የእንግዳ ራስ ያጠፋሁ፣ እጀ የተረገመ ነው፣ ልጀን አልነካም' ትላለች። ጎረቤት ናት የቀባቻት።»

ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት የቁሐር ሚካኤል ንግሥ ነው። ከወረታ ገበያ የቻልኩትን ያህል ጥሩ ቅቤ ገዝቼ በቅጠል አስጠቀለልኩና በባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄጄ የቀረውን በእግሬ ገባሁ። ሐምሌ ላይ ሐይቅ የነበረው ሜዳ ደርቆ ሩዙ በክምር በክምር ቆሟል። ጃንጥላም ፍርሃትም ስላልያዝኩ ጉበኑን ረስቼ ቀጥ ብዬ ስገባ ግንባሬን ዷ አደረገኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ነገር ግን አንድም ፀጉር አልወደቀም።

እማማ አትጠገብ ተነሥተው «እኔን!» አሉ። እጃቸው ወደ ራሴ ሊመጣ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቆመና ወደ ነጠላው ተመለሰ። የሽ ሕፃኗን ይዛ ጥግ መደብ ላይ ተቀምጣለች፣ አያ ሙጨ ከኋላዬ ቆመዋል። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁና ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«ይኸው ወጥቷል እማማ። ይዩት።»

ዝቅ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እውነትም አውጥቷል። ተመስገን» አሉ። እጃቸው ግን አልወጣም።

«ቅቤ ይዤ መጥቻለሁ። ይቀቡኝ።»

«አልነካህም ልጀ። አፍህ ረግሞታል።»

«እማማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወደቅሁ ብዬ የዋሸሁዎት እኔ፣ የደነገጥሁት እኔ፣ ክፉ የተናገርኩት እኔ። ያን ቃል እግዜር አልሰማውም፤ የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ራሴን የቀባኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያንንም አስጥዬ ሸሸሁ።»

እንዲህ ለማለት አላሰብኩም ነበር። ከዚያ ቅጠሉ ሲፈታ ሰማሁ። ቅቤውን በመዳፋቸው መሐል አሹት፣ ሙቀት እስኪይዝ ድረስ፤ ቀጥሎ አናቴ ላይ አሳረፉት። በሐምሌ እንዳደረጉት ዓይነት ነበር፤ እየዞረ፣ እየጫነ። በግንባሬ ላይ ሲወርድ አልጠረግሁትም።

«እጅዎ ይባረክ» አልኩ።

የሽ ከጥግ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ ሻሿን ፈታች። «እንግዲህ ወዲህም በይ እናቴ፤ እኔም ራስ አለኝ» አለች። እማማ አትጠገብ በመዳፋቸው የቀረውን ይዘው ወደ ልጃቸው ሄዱ።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አያ ሙጨ ከሁለት የመንደራቸው ሽማግሌዎች ጋር ወደ ይፋግ ሄዱልኝ። የትርንጎ አባት ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ዘመዱ ማነው?» ብለው ጠየቁ። ፀጉሬ ያን ጊዜ ጣት ይውጥ ነበር፤ ስለሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አያ ሙጨ እንዲህ ብለው መለሱ አሉ፦ «ልጃችን ነው። ራሱን የምትቀባው የኔ ምሽት ናት።»

«እንዲህ ከሆነማ» አሉ አባቷ፣ «ምነው በሰኔ እናንተ ሳትመጡ ቀራችሁ?»